ግማሹን የሚከድነው ካሜራ

ቶዮሚ ጉድለት የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ሺዙኦካ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው የአሮጌ ካሜራ ሱቅ አሥራ ስምንት ዓመት ስትጠግን አንድም ካሜራ ነውሩን ሳትጽፍበት መደርደሪያ ላይ አውጥታ አታውቅም። “ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አለ።” “ብርድ ሲሆን መዝጊያው ይለግማል።” “ከዚህ ቀደም ወድቋል፤ ብዙ አይታመንም።” በትንንሽ ወረቀት ጽፋ ማንገቻው ላይ ታስራለች። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ኩዋባራ ሳን በዚህ ነገር ሆዳቸው እንዳረረ ነው።

“አንቺ እኮ ሻጭ አይደለሽም፤ ዓቃቤ ሕግ ነሽ” ይሏታል። “ሰውየው ገና ዕቃውን ሳይነካው ክስ ታነቢለታለሽ።”

“ነገ ተመልሶ እርስዎ ላይ ከሚጮህ ዛሬ ቢሄድ አይሻልም?”

“ዛሬም ሄደ፣ ነገም ሄደ። መቼ ነው የሚገዛን?”

እንዲህ እየተነታረኩ ነው የኖሩት፤ ሁለቱም ያለዚህ ንትርክ ቀኑ የሚመሽላቸው አይመስልም።

የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል ኩዋባራ ሳን ከነጋዴዎች ጨረታ አንድ ሣጥን ይዘው መጡ። ሚሳኪ ወደብ ላይ የነበረ ፎቶ ቤት ባለቤቱ ሞቶ፣ ወራሾቹ ዕቃውን በጅምላ አውጥተውት ነው። ቶዮሚ የአንድ ካሜራ የቆዳ ማኅደር አንስታ አቧራውን ስትጠርግ፣ ክዳኑ ላይ የታተመውን ስም አየችና እጇ ቆመ። “ሂራኖ ፎቶ ቤት፣ ሚሳኪ” ይላል። ይህን ስም ማንበብ ከመማሯ በፊት ታውቀዋለች። የእናትና የአባቷ የሰርግ ፎቶ ጥግ ላይ ያለው ማኅተም ይኸው ነው።

“ይህን እኔ ነኝ የምሠራው” አለች።

“ማን ቀማሽ?” አሉ ኩዋባራ ሳን።

ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ሰፊ ፊልም የሚጎርስ፣ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች እየታየ የሚነሳበት ዓይነት። ከውጭ ሲያዩት በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው። ስትከፍተው ግን እሷ የማታውቀው ነገር ተሠርቶበታል። ፊልሙ ከሚዘረጋበት ቦታ ፊት ለፊት እንደ ጥፍር የሳሳች የነሐስ በር ገብታለች፤ በሯ ከቆዳው ሥር በተደበቀች ሽቦ ትሳባለች፣ ስትሳብም የፊልሙን ግማሽ ትከድናለች። አንድ ፎቶ ላይ ሁለቴ እንዳይነሳ የሚከላከለው ጥርስ በሞረድ ተልጎ ጠፍቷል። ምስሉ ከላይ የሚታይበት ብርጭቆ ላይ መካከሉን የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መስመር በመርፌ ተጭሯል፤ ከመስመሩ በአንዱ ወገን አንዲት ነጥብ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ዝቅ ብላ ሌላ ነጥብ። የካሜራው ሆድ ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ አለ። ሣጥኑን ስትፈትሽ እዚያ የሚታሰረውን የብረት ክንድ አገኘችው፤ ጫፉ ላይ ፖስት ካርድ የሚያህል የእንጨት ክፈፍ አለው፣ ከክፈፉ አጠገብ ሰያፍ የቆመች መስታወት።

“መስታወቷ ለምንድን ነው?” አለች።

“ፎቶ አንሺው ጢሙን ሊላጭባት ይሆናል” አሉ ኩዋባራ ሳን።

ሥራው የተንኮለኛ እንጂ የደደብ ሥራ አልነበረም። በሩ ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ጠርዙ በጥንቃቄ ተጠርዞ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ሽቦዋ የምታልፍበት ቀዳዳ ብርሃን እንዳያስገባ ጨርቅ ተለጥፎባታል። ቶዮሚ እንዲህ ያለ እጅ ስታይ ደስ ይላታል። ዓላማው አልገባ ማለቱ ግን ያበሳጫት ጀመር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዋን እየበላች እንኳ ካሜራውን ከፊቷ አላነሳችም።

በአራተኛው ቀን ፊልም አጎረሰችውና ኩዋባራ ሳንን ወንበር ላይ አስቀምጣ አነሳቻቸው። ከዚያ በሯን ወደ ሌላው ወገን ስባ፣ እሳቸውንም ወደ ሌላው ወንበር አዛውራ፣ ፊልሙን ሳታሳልፍ ደግማ አነሳች። ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብታ አጥባ ስትወጣ ፎቶው ላይ ሁለት ኩዋባራ ሳን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። መካከላቸው ካልፈለጉት የማይታይ የፀጉር ያህል መስመር አለ።

ሽማግሌው ፎቶውን አራቅ አድርገው አዩትና ሳቁ። “ሚስቴ እንዳታይ። አንዱንም አልቻለችው።” ከዚያ ሳቃቸው እየከሰመ ሄደ። የብረት ክንዱን አነሱ፣ ክፈፉንና መስታወቷን አገላበጡ። “ገባኝ” አሉ። “ይህ ከሌለ ሰው ጋር መነሻ ነው። በእኛ ጊዜ ሰው ይመጣል፤ ልጄ ሞቷል፣ ከቤተሰቡ ጋር አድርግልኝ ይላል። እኛ በመቀስና በሙጫ ነበር የምንሠራው፤ ያስታውቃል። ይህ ሰውዬ ግን የሟቹን ፎቶ እዚህ ክፈፍ ላይ ይሰካል፣ በግማሹ እሱን ያነሳል። ከዚያ በሯን ይስብና በቀረው ግማሽ ሕያዋኑን።”

“መስታወቷስ?”

“ፊቱን ለማዞር ነዋ! ሟቹ በፎቶው ወደ ውጭ እያየ ከሆነ ምን ታደርጊዋለሽ? ተኳርፈው የተነሱ ነው የሚመስለው። በመስታወት ሲታይ ዞሮ ወደ ሰዎቹ ያያል። ሁለቱ ነጥቦችም የየወገኑ ፊት የሚያርፍባቸው ናቸው።”

ቶዮሚ ክው አለች። የወላጆቿን የሰርግ ፎቶ አሰበች።

ፎቶው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ያይዙ ከተማ ካለው ቤታቸው ያመጣችው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አጎቷ ሺገኖሪ አዟት። የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፣ የቤተሰቡም አለቃ። አሮጌው መካነ መቃብር ወደ ኮረብታው ሊዛወር ስለሆነ እሁድ መቃብሩ ይከፈታል። ሟች ከተቃጠለ በኋላ አፅሙ የሚኖርበት የአባቷ የካትሱሂኮ ማሰሮ ደግሞ ባዶ ነው። የተሳፈረባት ቱና ዓሣ አጥማጅ መርከብ ቶዮሚ ከመወለዷ ስድስት ወር በፊት ሰጥማ አንድም ሰው አልተገኘም።

“አርባ ሁለት ዓመት ለባዶ ሸክላ እጅ ስነሳ ኖርኩ፣ ቶዮ” ብሏት ነበር አጎቷ፣ በዚያ የመርከበኛ ድምፁ። “ያንን የሰርግ ፎቶ አሳምረሽ አባዢልኝ። ዋናውን ማሰሮው ውስጥ እናኖረዋለን፣ ግልባጩን ቤት ትሰቅሉታላችሁ። ወንድሜም ሰው ይሁን፣ እናትሽም ተራዋ ሲደርስ ብቻዋን አትግባ።” የእናቷ የፉሳኤ ስም ከድሮ ጀምሮ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከካትሱሂኮ ስም ጎን ተቀርጿል፤ ገና በሕይወት ስላለች በቀይ ቀለም።

ቶዮሚ መብራቱን አቅርባ ፎቶውን ከክፈፉ አወጣችውና አጉሊ መነጽር ደቀነችበት። ኩዋባራ ሳን ሻይ ሊያፈሉ ገብተው ነበር። መስመሩን ወዲያው አገኘችው። በሙሽራውና በሙሽራይቱ መካከል ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ የእናቷን የነጭ ኪሞኖ እጅጌ ጫፍ እንደ ምላጭ ቆርጦታል። ከዚያ መነጽሩን ወደ አባቷ አንገት ወሰደችው።

ኪሞኖ ሕያው ሰው ሲለብሰው ግራው ቀኙ ላይ ይደረባል። ቀኙ ግራው ላይ የሚደረበው ሬሳ ሲገነዝ ብቻ ነው። ልጅ ሲሳሳት እናት እጁን መትታ የምታርመው ነገር ነው፤ በዚህ የሚቀልድ ሰው የለም። የአባቷ ጥቁር ኪሞኖ ቀኙ ግራው ላይ ተደርቧል።

ይህን ፎቶ ዕድሜዋን ሙሉ በየማለዳው ስታየው ኖራለች። ቤት ውስጥ ካለው የሟቾች መታሰቢያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ትኩስ ሩዝ ታቀርብለታለች፣ ደወሏን ትመታለች፣ እጅ ትነሳለች። ለፈተና ስትቀመጥ ለምናዋለች፤ ባሏ ትቷት የሄደ ጊዜ ማንም ሳይሰማት አልቅሳበታለች። ጥቁር ልብስ፣ ደብዛዛ ክፍል፣ መዳፍ የምታህል ፎቶ፤ ማን የልብስ አንገት ይመረምራል? አሁን ግን ሰርጉ በተነሳበት ቀን ሙሽራው ሞቶ እንደነበር አወቀች፤ ሞቶ ከነበረ ደግሞ እሷ የማን ልጅ እንደሆነች አታውቅም። መነጽሩን አስቀመጠችው።

“ምነው፣ ሻጋታ አገኘሽ?” አሉ ኩዋባራ ሳን ሻዩን ይዘው ሲወጡ።

“ዛሬ ቀደም ብዬ ልሂድ” አለች።

እናቷን ያገኘቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጋዜጣ ዘርግታ ሰርዲን በአውራ ጣቷ እየሰነጠቀች ሆድ ዕቃውን ታወጣለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ግን አሁንም እንደ ልጃገረድ ይፈጥናሉ። ቶዮሚ ፎቶውን ከጋዜጣው ዳር አኖረችው።

“ዓሣ ነክቶት ይሸታል፣ ምን ሆንሽ?” አለች ፉሳኤ።

“አንገቱን እዪው።”

እናቷ አላየችውም። የያዘችውን ሰርዲን ጨረሰች፣ አስቀመጠች፣ እጇን ታጥባ አደረቀች።

“እንግዲህ አየሽው” አለች። “አርባ ዓመት ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የተመለከተው የለም። እኔ በየቀኑ ነው የምመለከተው።”

“ሞቶ ነው የተነሳችሁት።”

“በሞተ በሁለት ሳምንቱ።”

“ታዲያ እኔስ? አባቴ ነው አይደለም?”

“አይደለም።”

“ምን?”

“ካትሱሂኮን አይቼው አላውቅም፣ ቶዮሚ። አንቺ የምታውቂውን ያህል ነው የማውቀው። ከዚህ ፎቶ።”

እናቷ ወንበር ስባላት፣ እሷም ተቀምጣ፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ነገረቻት።

ሚሳኪ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበረች። አንድ የኮቺ አገር ዓሣ አጥማጅ በፀደይ ተመልሼ እወስድሻለሁ ብሏት፣ ነፍሰ ጡር ትቷት ሄዶ ነበር። “ሞቶ ቢሆን ጥሩ ነበር። አልሞተም። ዝም ብሎ አልመጣም።” በዚያው ሰሞን የቱናዋ መርከብ ጠፋችና የመርከበኞቹ ቤተሰቦች ወሬ ሊጠብቁ ማረፊያ ቤቱን ሞሉት። ከነሱ አንዷ የካትሱሂኮ እናት ቶሜ ነበሩ። አሥራ አንድ ቀን አንዲት እንባ ሳያፈሱ ባሕሩን እያዩ ተቀመጡ፤ ሻይ የምታቀርብላቸው ፉሳኤ ናት። በአሥራ አንደኛው ቀን ፍለጋው ቆመ ተባለ።

“ትሪውን ይዤ ገባሁ። ቀና ብለው ሆዴን አዩኝ። ‘ባል አለሽ?’ አሉኝ። ‘የለኝም’ አልኳቸው። ‘እኔም ልጅ የለኝም’ አሉኝ። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ወግ አልነበረም።”

“እና ፎቶ ቤት ወሰዱሽ?”

“ቀረጢታቸው ውስጥ ካትሱሂኮ አዲስ መርከብ በተመረቀ ቀን በኪሞኖ የተነሳው ፎቶ ነበር። ሂራኖ አየውና ተቸገረ። ‘እናት፣ ፊቱ ወደ ውጭ ነው። እንዳለ በሙሽራው ቦታ ካቆምኩት ጀርባውን ይሰጣታል። ላዙረው ካልኩ ደግሞ ልብሱ የሬሳ ልብስ ይሆናል፤ ይቅርብዎ’ አላቸው። አያትሽ ትንሽ አሰቡ። ‘አዙረው’ አሉት። ‘ሬሳ መሆኑን እሱም ያውቃል። ይቺን ልጅ ግን ይያት።’”

ለመንደሩ የተነገረው ሌላ ነው። ሁለቱ ሚሳኪ ላይ በቀላሉ ተጋብተው፣ ወረቀቱን ከጉዞ መልስ ማዘጋጃ ቤት ሊያስገቡ ነበር ተባለ። የዚያን ጊዜ ብዙ መርከበኛ እንዲሁ ያደርግ ስለነበር የጠረጠረ የለም። ፎቶውም አለ። ሺገኖሪ ያኔ ናጎያ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የወንድሙን ሚስትና ሕፃን አገኘ። ሕፃኗን አቅፎ ሲያለቅስ አያቲቱ ቆመው አዩት፣ ምንም አላሉም።

“ማን ፈቀደላችሁ?” አለች ቶዮሚ። “አጎቴ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሳደገኝ! ሰውየው ስሞት የወንድሜን ልጅ አደራ እያለ ይኖራል፣ እናንተ ሁለታችሁ እያያችሁ ዝም?”

“ዝም።”

“አንቺስ? ለማታውቂው ሰው ሩዝ ስታቀርቢ አታፍሪም ነበር?”

“መጀመሪያ መጀመሪያ አፍር ነበር።” ፉሳኤ ፎቶውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው። “እኔ የተጋባሁት ከእናቱ ጋር ነው፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመት በማንኪያ አጉርሻቸው፣ እጄ ላይ ነው የሞቱት። እዚያ መቃብር የምገባው ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ለእሳቸው ብዬ ነው። ሺገኖሪ ካወቀ ስሜን ያስፍቀው ይሆናል። ያስፍቀው። እኔ መዋሸት ደክሞኛል፣ መናገርም አልችልም። አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊው።”

ቶዮሚ እናቷን ጠላቻት። ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላቻት። ያንን ሸክም አውጥታ በእሷ ትከሻ ላይ ጥላው፣ ተመልሳ ሰርዲኗን መሰንጠቅ ስትጀምር ግን እንደገና ጠላቻት።

እስከ እሁድ ድረስ የሠራችው ሥራ ሁሉ ተበላሸ። አንዱን ካሜራ ሁለቴ ገጥማ ሁለቴ ፈታችው። ዝም ብትል እናቷ ቦታዋን አታጣም፤ አጎቷም ደስ ብሎት ይሞታል፤ ማንም አይጎዳም። ለራሷ እንዲህ እያለች፣ ስለ አንዲት የተሰነጠቀች ሌንስ ወረቀት ልትጽፍ ብዕር አነሳችና መጻፍ አቃታት። ነገሩ አንገበገባት።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጥቁር የለበሱ ዘመዶች፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ መቃብሩን ከበው ቆመዋል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ታችኛውን ድንጋይ አንሸራተው ሁለቱን ማሰሮዎች አወጡ፤ የቶሜን ሁለት ሰው ተቀባበለው፣ የካትሱሂኮን አንዱ በአንድ እጁ አነሳው። ሺገኖሪ ባዶውን ማሰሮ በነጭ ፎጣ ወለወለው። ቶዮሚ ፎቶውን በሁለት እጇ ሰጠችው፤ እሱም ሳያየው በሁለት እጁ ተቀብሎ ከማሰሮው ውስጥ በጀርባው አስደግፎ አቆመው።

“ተባረኪ፣ ቶዮ” አላት። ዓይኑ ቀልቷል።

መነኩሴው ጸሎቱን አጋመሰና ወደ ቤተሰቡ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዕጣን የሚጨመረው በቅርበት ነው። ሚስት፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ ወንድም፣ ከዚያ የቀረው ዘመድ፤ ይህን ማንም ለማንም አይነግርም፣ እግር ራሱ ያውቀዋል። ፉሳኤ ቀረበች። ከካትሱሂኮ ማሰሮ ፊት ትንሽ፣ ከቶሜ ማሰሮ ፊት ረጅም ጊዜ አጎነበሰችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የቶዮሚ ተራ ደረሰ። አልተንቀሳቀሰችም። ሰው አዝና ነው ብሎ ጠበቃት። አንዲት አክስት ከኋላ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

“አጎቴ” አለች ቶዮሚ፣ “አንተ ቅደም።”

“ምን አልሽ?”

“አንተ ቅደም። ከእኔ በፊት ያለኸው አንተ ነህ።”

ዘመዱ ተንሾካሾከ። ሺገኖሪ ተቆጥቶ ሊገስጻት ፊቱን አከበደ፤ ግን ፊቷን ሲያይ ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። እናቷን ተመለከተ። ፉሳኤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች፤ እንደዚህ አይደለም አላለችም። ሰውየው በዝግታ ወደ ማሰሮው ሄዶ ጎንበስ አለ። ፎቶው ወደ እሱ ዞሮ ቆሟል፤ ዓይኑ የሙሽራው አንገት ላይ አረፈ። ዕጣኑን በጣቱ እንደያዘ ቆየ፤ መነኩሴው ጸሎቱን እስኪያዘገይ ድረስ ቆየ። ሺገኖሪ በዕድሜው እናቱን ጨምሮ ስድስት ሬሳ በእጁ ገንዟል። ዕጣኑን ጨመረ፣ ክዳኑን ራሱ ገጠመ።

ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ፉሳኤ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ክንዷን ያዘና ፀሐይ ከሌለበት ቦታ፣ ከእናቱ ማሰሮ አጠገብ ወስዶ አቆማት። “እዚህ ይሻላል” አላት። ለድንጋይ ጠራቢዎቹም ድንጋዩን እንዳለ፣ ስሙን ሳይነኩ፣ እንዲያወጡት በእጁ አሳያቸው።

ቀጥሎ ለመጡት ሰዎች ምስጋና ማቅረብ የቤተሰቡ አለቃ ግዴታ ነው። ሺገኖሪ ከዳር ጀምሮ በየተራ ፊታቸው እየቆመ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣብቆ፣ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳ፤ ለጎረቤቱ፣ ለመርከብ ጓደኞቹ፣ ከሩቅ ለመጣው ሁሉ። ለቤተሰብ እንዲህ አይደረግም። ቶዮሚ ፊት ደረሰ። አልፏት የሚሄድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ቆመ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣበቀ፣ ልክ ለሌሎቹ እንዳደረገው ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳት።

ቶዮሚም እንግዳ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብላ አጸፋውን መለሰች።